የድንጋይ ሽበት

አባቴ ቶሪቢዮ፣ ካብህን ናድኩብህ፤
ከሰው አፍ ሳትሰማ ራሴ ልንገርህ።
ጠላት መጥቶ አይደለም፣ ምድርም አልራደ፤
በእኔ በኒካሲያ እጅ ነው ጉረኖህ የተናደ።

ነፋስ የማይበሳው፣ ቀበሮ የማይዘለው፣
በዋይራፓታ አምባ አቻ ያልነበረው፣
መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያደነቀው፣
ከአንተ በኋላ እንኳ በስምህ የዘለቀው።

ግን ዝናቡ ሲገባ፣ መውለጃቸው ደርሶ፣
ወለሉ በሽንት፣ በበጠጥ ርሶ፣
አልፓካዎቹ ቆመው ሲያድሩ በእርጥቡ፣
ግልገሎቹ ጭቃ የነካው ጡት ሲጠቡ፣
ሞት ከካቡ ውስጥ ነበር። ከውጭ አልመጣም።
እኔ በቀዳዳ ወደ ሜዳ ሳይ፣ ከእግሬ ሥር አላየሁትም።

ከሲታው ይሞታል ብዬ ነበር የማስበው።
አይደለም። ወፍራሙ ነው።
እናቱ ወተተ ሙሉ፣ ጠጉሩ የሚያበራ፣
ማታ ሲቦርቅ አይቼው በደስታ ስሙን ስጠራ፣
ጠዋት ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣
አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ፣ ሞቶ።

ለየሬሳው አንድ ጠጠር በሰርዲን ቆርቆሮ ጣልኩ፤
አምና አሥራ አንድ፣ ዘንድሮ በሳምንት ሰባት ቆጠርኩ።
ጋራው ተቀይሞ እንደሁ ብዬ የኮካ ቅጠል ቀበርኩ፤
የጎረቤቴን የፍሎሪያናን ዓይን ጠረጠርኩ፤
ሰላምታዬን ነፈግኋት፣ ከአንድ ምንጭ እየቀዳን።
ሞቱ ግን ቂሜን አልሰማም።

የኢላሪያ ልጅ ዊልበር፣ ንፍጡን ስጠርግለት ያደገው፣
ከፑኖ በሞተር ብስክሌት መጣ፣ የበረዶ ሣጥን ከኋላው።
ሰባተኛውን በቢላ ከፈተና አሳየኝ፤
አንጀቱ ደም መስሎ፣ በአየር ተወጥሮ። እንዲህም አለኝ፦
«ጋራውም አይደለም አክስቴ፣ የማንም ዓይን አይደለም።
አፈሩ ነው። መንጋ ሠላሳ ዓመት ባንድ ቦታ አይከርምም።
በሽታው እዚሁ ያድራል፤ ጉረኖውን አንሡት።»
ወንጭፌን አነሣሁ።
ሄልሜቱን አጠለቀና ሄደ፤ መልሼ አልጠራሁት።

በማግስቱ ነጩ ሞተ።
ጠጠሩን ስጥል፣ ቆርቆሮው ሞልቶ ኖሮ፣
ከእግሬ ሥር ወደቀ፣ ከአፋፉ ተንከባሎ።

ፋኖስ ይዤ ወጣሁ። ከላይኛው ጀመርኩ፣
አንተ በመጨረሻ ካኖርከው፤ አንድ በአንድ አወረድኩ፣
ወገቤ እስኪቆረጥ። መሐሉ ላይ ስደርስ
ፋኖሱን አስጠጋሁ፦
ወደ ውስጥ በዞረው ፊት የድንጋይ ሽበት አየሁ፣
ደርቆ፣ ዐመድ መስሎ።
የድንጋይ ሽበት ጨለማ ውስጥ አይበቅልም፤
ይህ ፊት ፀሐይ ያውቅ ነበር፣ ሌላ ካብ ላይ ሆኖ።
አባቴ፣ አንተስ የማንን ናድህ? የአያቴን?
በሌሊት ብቻዬን ሳቄ መጣ።
ሁሉን አስተምረኸኝ፣ ይህን ብቻ ደበቅከኝ?

አዲሱ ከተረተሩ ላይ ነው፣ ውሃ በማይቆምበት አፈር።
ዊልበር ተመልሶ፣ ስለ ወንጭፉ አንዳች ሳይናገር፣
እርጉዞቹን ከተበ፣ ሊወልዱ ወራት ሲቀራቸው።
አሁን ገና መሬት እንደነኩ እትብታቸውን አዮዲን አስነካለሁ፤
እንገር ሳይጠባ የሚውል የለም፤ መቆም ያቃተውን ደግፌ አጠባለሁ።
ተቅማጥ የያዘውን ለብቻው አቆያለሁ።
የሞተውን ኖራ አልብሼ በጥልቁ እቀብራለሁ፤
ውሻዬ ቢያላዝንም ጨክኜ።

በአሮጌው ወለል ድንች ተከልኩ፤
ለግልገል መርዝ የሆነው አፈር ለድንች ሲሳይ ነው።
ለፍሎሪያና አንድ ጆንያ ወሰድኩላት።
ዓይኗን ቀና ብዬ አየሁት፦
እንደ እኔው ሞራ የጀመረው።

ዘንድሮ ቆርቆሮው ሦስት ጠጠር ያዘ።
ሦስት ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ ሦስቱንም በስማቸው አውቃቸዋለሁ።
ካቡን ግን፣ አባቴ፣ እንዳንተ አልሠራሁትም፤
ሽበቱን ወደ ውጭ አዙሬ ካብኩት፣
ነገ የሚንደው ሰው አይቶት
እንዳያፍርበት።